አሪኛው ቀድሞ ተመለሰ

ባለቤቴ አስተርጓሚ ነበር። ጂንካ በሚገኘው የአውራጃ ፍርድ ቤት ከዳኛው ወንበር ጎን ቆሞ የባላገሩን ቃል ለዳኛው፣ የዳኛውን ቃል ለባላገሩ ያደርሳል። የተወለደው ከከተማው በላይ ባለው የአሪ ደጋ፣ እንሰትና ቡና በከበበው ግቢ ውስጥ ነው። አሪኛ የእናቱ ቋንቋ ነበር። የሐመርንና የበናን ቋንቋ ገበያ ላይ ለቀመው። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው፤ ግን አፋችንን በሱ ከፈታነው ሰዎች አስበልጦ ያዘው። አንድ ቃል ያለቦታው ብጠቀም ሳያርመኝ አያልፍም። እኔ የሸዋ ልጅ፣ ያውም አስተማሪ፣ በገዛ ቋንቋዬ እታረም ነበር።

ወደ ጂንካ የመጣሁት አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ ነው። መመደቤን ስሰማ ካርታ ላይ ብፈልገው ጣቴ ኬንያ ሊገባ ምንም አልቀረውም። የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ሲደረግ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚውን ከፍርድ ቤት ተውሶ አመጣው። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ትኩስ ነበርኩ። ሴት ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት የምታስቀሩ ከሆነ ከዘመኑ ወደ ኋላ ቀርታችኋል ብዬ ተቆጣሁ። እሱ ረጋ ብሎ አስተረጎመ። ወላጆቹ አልተቆጡም፤ አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ፤ አንዲት እናት ተነስተው እጄን ሳሙ። ግራ ገባኝ። ሰው ሲበተን ጠብቄ ምን ብሎ እንደነገራቸው ጠየቅሁት።

«ልጆቻችሁን እንደ ልጆቿ ትናፍቃለች፤ እንዳታስቀሩባት ትለምናችኋለች ነው ያልኩት» አለኝ።

ይህ ትርጉም አይደለም አልኩት። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ። በሳምንቱ ክፍሌ ውስጥ አዳዲስ ልጃገረዶች ተቀምጠው አገኘሁ። በዓመቱ ተጋባን።

ልጅ አልወለድንም። ቤታችን ከሣር ሜዳው የአውሮፕላን ማረፊያ ማዶ ነበር፤ አውሮፕላን የሚመጣ ዕለት ዘበኛው ላሞቹን ከሜዳው ሲያባርር በመስኮት እናያለን። የሱ ቤተሰቦች ጴንጤዎች ናቸው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በዚያ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ስለነበር መዝሙራቸውን በየቤታቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። እሁድ እሁድ እሱ ሲያዜም እኔ ቤት እጠርጋለሁ፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

አሪኛን ግን አልተማርኩም። ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። በዚያ ተራራ ሥር ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ከሰላምታ ያለፈ አላውቅም ነበር። ለምን ልማር? አስተርጓሚ አግብቻለሁ። አማቴ የእንሰት ቡላ ወይም ጎደሬ ይዘው ከላይ ሲወርዱ እሱ መሀላችን ይቀመጣል። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሱ ይነግረኛል፤ እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ ይነግራቸዋል። የሚነግረኝ ሁሉ ማር ነበር። ምግብ ሳቀርብ «እጅሽ ይባረክ ብላለች» ይለኛል። ቤቱን ሳሳያቸው «ንጽሕናሽ ደስ ብሏታል» ይለኛል። እንደሳቸው ያለ ለስላሳ አማት ያላት ሴት ጂንካ ውስጥ የለችም ብዬ ለጓደኞቼ አወራ ነበር።

የታመመው በክረምት ነው፣ ችሎት ላይ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ዛፍ ላይ በሰቀሏቸው የንብ ቀፎዎች ተካሰው ነበር። ከሳሹ ተናግሮ ጨረሰ። ባለቤቴ ወደ ዳኛው ዞሮ «ከሳሽ የሚለው» አለና ቆመ። ዳኛው ጠበቁ። «ከሳሽ የሚለው» አለ እንደገና። ከዚያ ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንሸራተተ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ዞረ፣ ጉልበቱ ከዳው። ከሳሽና ተከሳሽ እኩል ዘለው ያዙት። በጭቃው መንገድ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደረሱትም እነሱ ናቸው። በቀፎዎቹ ነገር እዚያው ጤና ጣቢያው በር ላይ ታረቁ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሁን የከተማው ወሬ አላጣራሁም።

የፍርድ ቤቱ ተላላኪ መጥቶ የክፍሌ በር ላይ ሲቆም ከፊቱ አወቅሁ። ጠመኔው በእጄ እንዳለ ሮጥኩ።

ጤና ረዳቱ ግፊቱን ለክቶ እንደገና ለካ። በትዕግሥት የሚናገር ሰው ነበር፤ አንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈስሶ ነው፣ የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ መሣሪያ እዚህ የለም አለኝ። ወደ አርባ ምንጭ እንውሰደው ስል መንገዱ ወይጦ ወንዝ ላይ በጎርፍ ተቆርጦ ነበር፤ ሜዳውም ረግረግ ስለሆነ አውሮፕላን አያርፍም። ያለው ነገር ከጥግ የቆመ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው። ጭምብሉን አፍንጫና አፉ ላይ አድርጎ ከፈተለት። ሲሊንደሩ ቀጭን ፉጨት ነበረው። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ያንን ፉጨት እያዳመጥኩ ቆየሁ። ጎህ ሲቀድ ፉጨቱ ድንገት ቆመ። የሱ እስትንፋስ የቆመ መሰለኝና ደረቱ ላይ ተደፋሁ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ጤና ረዳቱ መጥቶ ጭምብሉን አወለቀና «ኦክስጅኑ ነው ያለቀው፤ እሱ ራሱ ይተነፍሳል» አለኝ። የዚያን ጠዋት ያህል እግዚአብሔርን ያመሰገንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለጥቂት ቀናት ዓይኑን እየገለጠ ዝም አለ። ከዚያ ተናገረ። ቃሉ ከአፉ የሚወጣው እየተጎተተ ነው፤ እኔ አንዱም አልገባኝም። ጤና ረዳቱም ከሰሜን የመጣ ነበርና ይቃዣል፣ ይተወዋል እያለ አጽናናኝ። እኔም መቃዠት ነው ብዬ ተቀበልኩ። እጁን ይዤ አይዞህ፣ አይዞህ እለዋለሁ፤ እሱ ያንኑ ቃል እየደጋገመ ዓይኑ እንባ ይሞላል።

አማቴ የደረሱት በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ የሚቸኩሉ ሴት ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነበር፦ ስንት፣ አይሆንም፣ ጨምር፣ ሂድ። አልጋው ጫፍ ላይ ቆመው ልጃቸውን አዳመጡት። ቀጥሎ እንደ ዋዛ መለሱለት። እሱም መለሰላቸው። እያወሩ ነበር። ቆሜ አየኋቸው። መቃዠት አልነበረም፤ አሪኛ ነበር።

ምን እያለ ነው አልኳቸው በምልክት። አማቴ ቃል ፈልገው አጡ፣ ግንባራቸውን አሹ፣ በመጨረሻ አንድ የሚያውቁት የፍርድ ቤት ቃል አገኙ።

«ቀጠሮ» አሉኝ። «ቀጠሮ መቼ ይላል።»

የቀፎዎቹ ክስ ለመቼ እንደተቀጠረ ነበር የሚጠይቀው። በሣቅና በለቅሶ መሀል ሆንኩ።

ቤት ስንገባ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። አማርኛ ይሰማል። ስናገረው ሁሉ ይገባዋል፤ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ በቀልድ ይስቃል። ሊመልስልኝ ሲፈልግ ግን አፉ ይከፈታል፣ ዓይኑ ቃሉን ይፈልጋል፣ ቃሉ የለም። አሪኛው ግን ነበር። ደከም ብሎ፣ አንካሳ ሆኖ፣ ግን ነበር። ከእናቱ ጋር ሲያወራ የቤቱ እንግዳ እኔ ሆንኩ። ወጥ ቤት ቆሜ የሁለቱን ድምፅ ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ቀናሁ። ባሌ ከሞት ተርፎልኛል፤ የተረፈው ግን እኔ በማላውቀው ቋንቋ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የትምህርት ቤት ሰሌዳ የሚያህል ባይሆንም አንድ ጥቁር ሳንቃ ገዝቼ ገባሁ። አማቴ ፊት አቆምኩትና ውሃውን አሳየኋቸው። ምን ይባላል? ነገሩኝ። በፊደላችን ጻፍኩት። እሳቱን አሳየኋቸው። ነገሩኝ። ጻፍኩ። እሱ ከወንበሩ ሆኖ ያዳምጣል፤ ስሳሳት ጤነኛ እጁን ያወዛውዛል። አማቴ ጥሩ አስተማሪ አልነበሩም። ስሳሳት ይስቃሉ፤ ሲደክማቸው ጥለውኝ ይሄዳሉ። ክፍሌ ውስጥ የነበሩት የአሪ ልጆች የበለጠ ታገሡኝ። በእረፍት ሰዓት ከበው ያስጠኑኛል፤ አንዳንዴ ሆን ብለው የተሳሳተ ቃል ያስይዙኝና ቤት ገብቼ ስናገረው ባሌ ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ይስቃል። ሰላምታ ለማለት ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም።

እያደር ከአማቴ ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ጀመርን። ያኔ ነው ያወቅኋቸው። ቀጥታ የሚናገሩ፣ ሰው የማይፈሩ ሴት ናቸው። አንድ ምሳ ላይ የድሮውን አንስቼ፣ መጀመሪያ ያበሰልኩልዎት ቀን እጅሽ ይባረክ ብለውኝ ነበር አልኳቸው በተሰባበረ አሪኛዬ። አማቴ ጉርሻቸውን ይዘው ቆሙ።

«ማን? እኔ? ጨው የለውም ነው ያልኩሽ» አሉኝ።

ስለ ቤቱስ? ስለ ቤቱ ያሉት ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ስትጠርግ ማሳውን ማን ያርሳል ነበር። እኔ ያልኩትንም ነገሩኝ፤ ለካ እኔ ብዬው የማላውቀውን ብዙ የፍቅር ቃል ልኬላቸው ኖሯል። ሁለታችንም ዞረን አየነው። አስተርጓሚው በግማሽ አፉ ፈገግ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ስንት ዓመት ሙሉ እሱ በሠራቸው ሁለት ሴቶች ተዋደን ኖረናል። እውነተኞቹ ሲገናኙ ደግሞ ብዙም አልተጣሉም። አማቴ ከዚያ ቀን በኋላ ወጤን ሳይቀምሱ ጨው መነስነስ ለመዱ።

በበጋው አውሮፕላኑ ማረፍ ሲጀምር አንድ የውጭ አገር ሐኪም በየጊዜው ከአርባ ምንጭ ይመጡ ጀመር። ከሶሻሊስት አገር የመጡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። አማርኛ ለምደዋል፤ አስተርጓሚ አልፈልግም ይላሉ፤ ግን ወንዱንና ሴቱን ይቀላቅላሉ። ባሌን ሊያዩ ቤታችን ድረስ መጡ። አጠገቡ ተቀምጠው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉና፣

«እንደምን ነሽ? እጅሽን ወደ ላይ አንሺ» አሉት።

ባሌ አያቸው። ፊቱ ላይ ያ ችሎት ላይ የማውቀው ቁምነገር መጣ። አፉ ታገለ።

«አንተ» አለ።

ደነገጥኩ። ትልቅ ሰውን፣ ሐኪምን አንተ ማለት ነውር ነው፤ ይቅርታ ልጠይቅ ስነሳ ጤነኛ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። የራሱን ደረት በጣቱ ነካ።

«አንተ። ነህ። እንደምን… ነህ።»

እያረማቸው ነበር። ከታመመ ጀምሮ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው አማርኛ የሰው ሰዋስው ማስተካከያ ሆነ። ዶክተሩ ሲገባቸው ከት ብለው ሳቁ፤ ተነስተው ተማሪ እንደሚቆም ቆሙና «እንደምን ነህ» አሉት። «እጅህን አንሳ» አሉ። ባሌ በደስታ አነሳ፤ ግራውን ግን። ቀኙ ገና ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዶክተሩ ጂንካ በመጡ ቁጥር ቤታችን ይገባሉ። አማቴ ከቡና ገለፈት የፈላውን ትኩስ መጠጥ በቅል ይሰጧቸዋል፤ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ይጠጡታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ራሳቸው አወሩን። አገራቸው ሳሉ የሚሠሩት በወደብ ከተማ ነበር፤ ሕመምተኞቻቸው ባሕር ውስጥ ጠልቀው መርከብ የሚጠግኑ ሰዎች ናቸው። ከጥልቁ ቸኩሎ የወጣ ጠላቂ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሞላል፣ እንደ ባሌ እጅና እግሩ ይያዛል። ያኔ የብረት ክፍል ውስጥ ያስገቡታል። ክፍሉ እንደ ነዳጅ ታንከር ድፍን ነው፣ ትንሽ መስኮት አለው። በሩ ይዘጋና አየር ይጨመቅበታል፤ አውሮፕላን ሲወርድ ጆሮ እንደሚደፈነው ይደፈናል። በሽተኛው በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ይስባል፤ ግፊቱ ኦክስጅኑን ከወትሮው አብልጦ ደሙ ውስጥ ያስገባዋል። ተሸክመው ያስገቧቸው ሰዎች በእግራቸው ሲወጡ አይቻለሁ አሉ።

ይህን ሲሉ ባሌ ወደ ፊት አጎነበሰ። እንደገና እንዲነግሩን በእጁ ጠየቀ። ደገሙለት።

ዶክተሩ ሄዱ፤ ያ የብረት ክፍል ግን ቤታችን ቀረ። ባሌ ሌላ ነገር አላስብ አለ። በአሪኛ ስለ እሱ ያወራል፤ በግራ እጁ ሳንቃው ላይ ይስለዋል፣ ክብ ነገር፣ መስኮት፣ ውስጡ የተኛ ሰው። ወሬው ከተማው ውስጥ ወጣ። ጠያቂ ሁሉ የሚያወራው ስለ ብረት ቤቱ ሆነ። ባለ ሱቁ ጎረቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አበባ አይጠፋም አሉ። ሌላው መንግሥት ወደ ውጭ ይልከዋል፣ ለሕዝብ ያገለገለ ሰው ነው አለ። እኔም ተስፋ አደረግሁ። ጤና ጣቢያው ጥግ የቆመው ሲሊንደር ያን ሁሉ ሰዓት ካኖረው፣ ከዚያ የበለጠው ምን ያደርግለት ይሆን እያልኩ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሐሳብ ይወስደኝ ነበር።

ዶክተሩ ሲመለሱ ቀድሜ ጠየቅኋቸው። ያ ክፍል እኛ አገር አለ ወይ? ባለቤቴን ያድነዋል ወይ? አማቴም ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ምን እንደሚባል እንድነግራቸው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

ዶክተሩ ቅሉን መሬት አስቀመጡ። ሲያዝኑ አማርኛቸው ይበልጥ ይጠራል።

«ባለፈው አብዝቼ ተናግሬያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ክፍሉ እዚህ አገር መኖሩን አላውቅም። ለጠላቂዎች መድኃኒት ነው፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ለእንዲህ ያለ ሕመም ግን አንዳንድ ሐኪሞች ይሞክሩታል እንጂ የሚያድን መሆኑን ማንም አላረጋገጠም። የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሳም። ከሞተው ዳር የተኛ አለ፣ ኦክስጅኑ ይቀሰቅሰዋል የሚሉ አሉ። ገብተው የተሻላቸው አይቻለሁ። ቤታቸው ተቀምጠው የተሻላቸውም አይቻለሁ። የቱ በምን እንደተሻለው መለየት አልቻልኩም።»

ባሌ ጣቶቹን ያያል። አማቴ «ምን አለ?» አሉኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተርጓሚ ሆንኩ። የሞተው አይነሳም የሚለውን ለእናት እንዴት እንደሚሉት አሰብኩ። ቃሉን አውቀው ነበር፤ ሞተም፣ ተነሳም ከመጀመሪያዎቹ ቃላቶቼ ናቸው። አፌ ላይ ደረሰና መለስኩት። የብረቱ ቤት ሩቅ ነው፣ ልጅዎ ግን እዚሁም እየነቃ ነው፣ ቀስ ይላል እንጂ ይነቃል ብለዋል አልኳቸው።

ቀና ስል ባሌ እያየኝ ነው። ከኔ ሌላ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማው እሱ ብቻ ነበር። ፈገግ አለ፤ የሙያ ባልደረባውን እንደሚያይ ሰው ነው ያየኝ። ከዚያ በአሪኛ አንድ ነገር ተናገረና ለዶክተሩ እንድነግራቸው ጠቆመኝ።

«እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ያናግረኛል? ይላል» አልኳቸው።

ዶክተሩ ማንም አያናግርህም፣ ዝም ብለህ ትተኛለህ፣ መስኮቱ ብቻ አለ አሉት።

«እንግዲያው ይቅር» አለ ባሌ። ይህን በአማርኛ ነው ያለው፣ ቃል በቃል እየለቀመ።

ያን ዕለት ተስፋ ቆርጦ እንዳልሆነ የገባኝ በኋላ ነው። አዝኗል፤ ሳንቃው ላይ የነበረውን ሥዕል ለጥቂት ሳምንታት አላጠፋውም። አንዳንዴም ሲደክመው ያ ክፍል ቢኖር ኖሮ ይላል። እኔም እላለሁ። ዛሬም ምናልባት ይጠቅመው ነበር ይሆናል እያልኩ አስባለሁ፤ አላውቅም። ዶክተሩ ግን ሲሄዱ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር፤ ሰው በመጣ ቁጥር አናግሩት፣ ዝምታ አታብዙበት፣ ቸኩላችሁ ቃሉን አትንጠቁት አሉኝ። በእጃችን የነበረው ይህ ብቻ ስለሆነ እሱን ሠራንበት። ጠያቂውን ሁሉ ዝም ብለህ አትቀመጥ፣ አናግረው እላለሁ። ቃል ሲፈልግ ቀድመው የሚናገሩለትን አማቴ በዓይናቸው ጸጥ ያሰኛሉ።

እሁድ እሁድ መዝሙሩን ሞከርነው። ዘመዶቹ መጥተው በለሆሳስ ሲጀምሩ እሱ ገባበት፤ በአማርኛ፣ ቃሉን ሳያዛንፍ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። መናገር ያቃተውን ቋንቋ ይዘምረዋል። መዝሙሩ ሲያልቅ ውሃ ስጪኝ ሊል ሞክሮ አልቻለም። ስለዚህ በዜማ በለኝ አልኩት። አፈረ፣ ሳቀ፣ ከዚያ በመዝሙሩ ዜማ ውሃ ለመነኝ። ለብዙ ጊዜ ቤታችን እንዲህ ነበር። ጨውም፣ ምሳም፣ ጋቢም በዜማ ይጠየቃል። በአጥራችን ጥግ የሚያልፍ ሰው ይህ ቤት ጸሎት አይሰለቸውም ሳይል አልቀረም።

ዓመት አልፎት በከዘራ መራመድ እንደጀመረ ዳኛው ሊጠይቁት መጡ። እውነቱን ለመናገር ከሱ በኋላ የመጣው አስተርጓሚ አልተመቻቸውም ነበር። ወጣት ነው፣ ከአሪኛ ወደ አማርኛ ጥሩ ይመልሳል፤ የዳኛውን የሕግ ቃል ወደ አሪኛ ሲያዞር ግን ባላገሩ ግራ ይጋባል። ዳኛው ባሌን እያዩ እኔን ጠየቁኝ፤ አማርኛ ይሰማል አይደል? እንደ ድሮው ይሰማል አልኳቸው። አሪኛ ይናገራል አይደል? ይናገራል፣ ቀስ ብሎ። ዳኛው ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው ግማሹን ሥራ ይሥራ» አሉ።

እንዲህ ሆነና ባሌ ወደ ፍርድ ቤቱ በአንድ ወገን ተመለሰ። ባላገሩ ሲናገር ወጣቱ ለዳኛው በአማርኛ ያቀርባል። ዳኛው ሲናገሩ ባሌ ተቀምጦ ያዳምጥና ለባላገሩ በአሪኛ ይነግራል። ክንዱን ይዤ እስከ ችሎቱ በር የምሸኘው እኔ ነበርኩ፤ የመጀመሪያው ቀን ከኋላ ቆሜ አየሁት። ቃሉ ይጎተታል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጡታል፤ ሰው ቀስ ብሎ ሲናገር የታሰበበት ነገር ይመስላል መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ ሲወጡ ይሄ ሰውዬ ከታመመ ወዲህ ነገሩ በሰለ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አሪኛ አውቅ ስለነበር ሰማሁ።

ከወጣቱ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ዓመታት ሠሩ። እያደር አማርኛውም ተመለሰ፣ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ነገ ሊል ትናንት ይላል፤ ሹካውን ማንኪያ ይለዋል። ድሮ እኔን የሚያርመኝን ያህል እኔ አረምኩት፤ ደስ የሚለኝን ያህል ግን ደስ አይለውም ነበር። ቀኝ እጁ ዳግም አልሠራም። በግራው መብላት፣ በግራው መጻፍ፣ በግራው ችግኝ መትከል ለመደ። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ስሙ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዓረፍተ ነገሩ በአሪኛ ይጀምርና በአማርኛ ያልቃል። አማቴም ከአማርኛው ይዘግናሉ። ዶክተሩ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ሊሰናበቱን ሲመጡ በሦስታችን መሀል ተቀምጠው አንዱም አልገባኝም ብለው ተሰናበቱን።

መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ፍርድ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ለጥቂት ሳምንታት ተዘጋ። ከተማው ውስጥ ከምንቀመጥ ብለን ወደ አማቴ ግቢ ወጣን። ሽቅቡን ባሌ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ሄድን። ከላይ ሲታይ ጂንካ በዛፍ መሀል የተበተነ ቆርቆሮ ነው። እዚያ ጥሩ ቀኖች አሳለፍን። ጠዋት ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሳ እሱ የቡና ችግኞቹን በግራ እጁ ይኮተኩታል፤ እኔ ከአማቴ ጋር ጎደሬ እቆፍራለሁ። አማቴ አሁን አርጅተዋል፣ ምላሳቸው ግን አላረጀም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቹ ሬዲዮው ምን አለ እያሉ ይመጣሉ። ሬዲዮው የሚያወራው በከባድ አማርኛ ነው፤ ማን ሄደ፣ ማን ገባ፣ ምን ይሆናል። ባሌ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል። ከዚያ ግቢው ውስጥ ለተቀመጠው ሰው በአሪኛ ይነግራል፤ ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ፣ አስፈሪውን ነገር እያለዘበ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ጎደሬ እልጣለሁ። አንድ ቀን ወሬው ሲረዝምባቸው አማቴ ከምድጃው ዳር ሆነው፣

«አሳጥረው፤ በስሏል» አሉት።

አሳጠረው። ሰዎቹም አብረውን ቀረቡና በላን።